ካፋላ ምንድን ነው? ጅዳ ያለችው እህትና ቨርጂኒያ ያለው ወንድም

ካፋላ በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ የውጭ አገር ሠራተኛ የሚተዳደርበት የዋስትና አሠራር ነው። ሠራተኛዋ ወደ አገሩ የምትገባው፣ የምትኖረውና የምትሠራው በአንድ አሠሪ ስም ነው። አሠሪው ከፊል ይባላል። ቪዛዋን የሚያስወጣው፣ ኢቃማ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃዷን የሚያሳድሰው እርሱ ነው። ጠፍታለች ብሎ ለመንግሥት የሚያመለክተውም እርሱ ነው፤ ካመለከተ በኋላ አገሩ ውስጥ መገኘቷ ራሱ ወንጀል ይሆናል። በባቲ፣ በከሚሴ፣ በሐይቅ፣ በመርሳና በቆቦ ኢቃማ፣ ከፊል፣ ተርሂል (ተይዞ የሚባረር ሰው የሚታጎርበት ማቆያ) የሚሉት ቃላት አረብ አገርን ረግጠው በማያውቁ እናቶች አፍ ጭምር የተለመዱ ናቸው። ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ግን ልጃቸው ከመሄዷ በፊት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው የለም።

በወሎ ሁለቱን ስደቶች ማወዳደር የቡና ላይ ወግ ነው። የእገሌ ልጅ አሜሪካ ገብቶ እናቱን ወሰደ፣ ቤት ገዛ፣ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ አስገባ ይባላል። የእገሊት ልጅ ደግሞ ስንት ዓመት ሳዑዲ ኖራ ባዶ እጇን ገባች ይባላል። ከዚያ ምክንያት ይፈለጋል፤ እርሱ ብልህ ነው፣ እርሷ ገንዘብ መያዝ አታውቅም፣ ወይም የአላህ ጽሑፍ ነው ተብሎ ወሬው ይዘጋል። ይህ ፍርድ ያንገበግበኛል። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ልጅ በስንፍና ልትጠረጠር አይገባም። የሁለቱን ማኅበረሰቦች ኑሮ ከሁሉ በላይ የለየው የመኖሪያ ወረቀቱ በማን እጅ መሆኑ ነው።

ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለ አንድ ቤት እናስብ። ልጅቱ በኮንትራት ጅዳ ገብታለች፤ ታላቅ ወንድሟ ዲቪ ደርሶት ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፣ ወንዙን ተሻግሮ ዋሽንግተን ይሠራል። ልዩነታቸው ገና ከመነሻው ይጀምራል። ዲቪ የደረሰው ሰው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናቀቁን፣ አለዚያም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል። ወደ አረብ አገር ለሚሄዱት በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ያስቀመጠው መስፈርት ስምንተኛ ክፍል ነበር። በባሕር የሚሄደውን ደግሞ ደላላው ከገንዘቡ በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። ስለዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ማኅበረሰብ ሲነሳም ከከተማና ከትምህርት ቤት የወጣ ሰው ይበዛበታል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በዚያው የቀሩ ተማሪዎች፣ በሱዳን በኩል ያለፉ ስደተኞች፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የዲቪ ዕድለኞች እየተደራረቡ የሠሩት ማኅበረሰብ ነው። ከወሎ ወደ ሳዑዲ የሄዱት በአብዛኛው የገጠር ቀበሌና የትናንሽ ከተማ ልጆች ናቸው፤ ሴቶቹ የቤት ሠራተኛ፣ ወንዶቹ እረኛና ዘበኛ ሆነው የሚኖሩ። ከሴቶቹ መካከል ትምህርት ቤት ሊኖሩ ሲገባ ከቀበሌ ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው የሚል መታወቂያ ወጥቶላቸው ፓስፖርት የያዙ ሕፃናት አሉ። እድሜዋን ያሳደገላት ሰው እጁን ታጥቦ ቤቱ ይገባል፤ እርሷ ግን የሐሰት ዕድሜዋን ተሸክማ እንደ ትልቅ ሰው ትቀጠራለች፣ እንደ ትልቅ ሰው ትታሰራለች።

በባሕር የሚባለውን መንገድ የወሎ ሰው ያውቀዋል። ከባቲ ወደ አፋር ቁልቁል ይወረዳል፤ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ከዚያ የጅቡቲ በረሃ፣ ኦቦክ፣ ጀልባ፣ የመን። በየመን ጦርነቱና ልጁን አስሮ ወላጁን በስልክ ገንዘብ የሚያስጮኸው ወንበዴ ይጠብቃሉ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ሰንዓ ውስጥ ስደተኞች የታጎሩበት ማቆያ ተቃጥሎ በርካታ ወገኖቻችን አልቀዋል። ይህን ሁሉ አልፎ ሳዑዲ የገባ ወጣት ከፊል የለውም። ከፊል ከሌለው ደግሞ ኢቃማ የለውም፤ የሚኖረው እስኪያዝ ድረስ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አንዲት የቤት ሠራተኛ በኮንትራት የምታገኘው ደመወዝ አንድ ሺህ የሳዑዲ ሪያል አካባቢ ነው እንበል። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ3.75 ሪያል ተቆርጦ የተቀመጠ ስለሆነ ሺሁ ሪያል 267 ዶላር ገደማ ይመጣል። በዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 17.50 ዶላር ነበር። እህቲቱ በወር የምታገኘውን ወንድሟ ግብር ሳይቆረጥ በሁለት የሥራ ቀን ያገኘዋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ወደ ቤት ገንዘብ ቀድማ የምትልከው እርሷ ልትሆን ትችላለች። የምትተኛው አሠሪዋ ቤት ነው፣ የምትበላው ከዚያው ነው፣ የቪዛ ወጪውም የአሠሪው ነው። ከደመወዟ የስልክ ካርድና ሳሙና ከገዛች የቀረው በሙሉ ሐይቅ ይገባል። ወንድሟ ግን ሥራ በጀመረ ማግስት የቤት ኪራይ፣ መኪና፣ ኢንሹራንስ፣ የልጅ ማቆያ ይቀበሉታል። ደሴ ላይ ሲያስተምር የነበረ ሰው መኪና ማቆሚያ ቆሞ ቁልፍ ሲቀበል መዋሉም የተለመደ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቤቱን ቆርቆሮ የምታስመታው፣ የታናናሾቿን ደብተር የምትገዛው፣ ለአባቷ በሬ የምትተካው ያቺ የሺህ ሪያል ሠራተኛ ናት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ወሎን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ፣ ሰው ከብቱንና ሱቁን ሲያጣ፣ የብዙውን ቤት ጉልበት የመለሰው ከውጭ የተላከ ገንዘብ ነው። ከዚያ ውስጥ የቤት ሠራተኞች ላብ ምን ያህሉ እንደሆነ አንስቶ ያመሰገናቸው ጥቂት ነው።

ካፋላ እውነተኛ ፊቱን የሚያሳየው ሰው ሥራውን ልልቀቅ ሲል ነው። ማዳሟ ደመወዝ ከለከለች፣ ስልኳን ቀማች፣ ወይም ከዚያ የባሰ ደረሰባት እንበል። ሌሊት ሁሉም ከተኙ በኋላ ጣሪያው ሥር ካለችው ክፍሏ ሆና በኢሞ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ቤት ውስጥ ሰው እንዳይሰማት። «እማዬ፣ ዱዓ አድርጊልኝ፣ አብሽሪ ደህና ነኝ» ትላለች። እናት መልእክቱን ደጋግማ ትሰማዋለች፣ ለሐሙስ ወዳጃ ቡናና ጫት ታዘጋጃለች፣ ሰው ተሰብስቦ ይለምንላታል። ልጅቱ ያላት ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ኮንትራቱን እስክትጨርስ መቻል፣ ወይ በር ከፍቶ መውጣት።

ወጥታ ከሄደች «ጠፍታ ትሠራለች» ይባላል። ጠፍታ የምትሠራ ሴት ደመወዟ ብዙ ጊዜ ከኮንትራቱ ይበልጣል፣ አሠሪዋንም ትመርጣለች፤ ለዚህ ነው አደጋውን እያወቁ የሚገቡበት። ዋጋው ግን ሌላ ነው። ኢቃማዋ ስለተሰረዘ ባንክ ሄዳ አካውንት መክፈት አትችልም፤ ገንዘቧን በሌላ ሰው ስም ወይም በሐዋላ ትልካለች፣ መሐል ላይ የሚክድም አይጠፋም። ብትታመም ሐኪም ቤት መሄድ ትፈራለች። ብትበደል ፖሊስ ዘንድ መሄድ ማለት ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ፍተሻ ሲመጣ ጅዳ አጠገብ ሹሜሲ ያለው ተርሂል ይከተላል። እዚያ ከገባች የሰበሰበችው ዕቃ፣ ያበደረችው ገንዘብ፣ ያልተከፈላት ደመወዝ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ባዶ እጇን ገባች የሚባለው አብዛኛው ታሪክ ከዚህ የመጣ ነው።

በአንድ ጊዜ ብዙዎች ላይ ሲደርስም አይተነዋል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች የማስወጣት ዘመቻ ስትጀምር፣ ሪያድ መንፉሃ ሠፈር ላይ ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞቶ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። መንግሥት በዚያው ሰሞን የሥራ ጉዞውን ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው እስከ 2010 ዓ.ም. ሲቆይ በሕጋዊ መንገድ መሄድ የነበረባቸው ወደ ደላላውና ወደ ኦቦክ ጀልባ ዞሩ። የከለከለው ሰው ልጆቹን ለመጠበቅ አስቦ ይሆናል፤ ያተረፈው ግን ደላላው ነው።

ካፋላ ተነሥቷል የሚል ወሬ አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ከአገር እንዲወጡ፣ ሠራተኞችም ያለ አሠሪ ይሁንታ ሥራ እንዲቀይሩ የሚያስችል ሕግ አውጥታለች። ሳዑዲም በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሥራ መቀየርንና ከአገር መውጣትን ያቀለለ ማሻሻያ ጀምራለች። ያ ማሻሻያ የቤት ሠራተኛን፣ የቤት ሾፌርን፣ እረኛንና አትክልተኛን አላካተተም። ከወሎ የሄደውን ሰው ሥራ ቆጥሮ የዘለለ ይመስል! በኋላ የቤት ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት ደንብ ወጥቶ የቀን የሥራ ሰዓትና የሳምንት ዕረፍት ተወስኗል፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን የቤት ሠራተኛ የሥራ ቦታ የሰው መኖሪያ ነው፣ በሩን አንኳኩቶ ስንት ሰዓት ሠራሽ የሚል ተቆጣጣሪ ማግኘት ከባድ ነው።

አሁን ወንድሟን እንየው። እርሱም አሠሪው ሊያስቀይመው ይችላል፤ ጠዋት ሥራውን ትቶ ማታ ሌላ ቦታ ይቀጠራል። የመኖሪያ ፈቃዱ በራሱ ስም ስለሆነ አሠሪው ሊነካው አይችልም። ባንክ ሄዶ አካውንት ይከፍታል፣ ብድሩን በወቅቱ ሲከፍል ስሙ ይገነባል፣ ማታ ኮሌጅ ገብቶ ነርስነት ይማራል። በአብዛኛው ከአምስት ዓመት በኋላ ዜግነት ማመልከት ይችላል። ገና ግሪን ካርድ እንደያዘ ለሚስቱና ላላገቡ ልጆቹ፣ ዜጋ ሲሆን ደግሞ ለእናቱና ለአባቱ ማመልከት ይችላል። እዚያ የሚወለድ ልጁ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ዜጋ ነው። እህቲቱ ጅዳ አምስት ዓመት ስትቆይ ወረቀቷ በመጀመሪያው ቀን ከነበረው አንዲት መስመር አይጨምርም። ቤተሰብ ማምጣት የማይታሰብ ነው። ማግባት ብትፈልግ አገር ቤት መጠበቅ አለባት። ልጅ ከወለደችም ልጁ የሳዑዲ ዜጋ አይሆንም።

ማኅበራዊ ኑሮውም ከዚህ ይቀዳል። ዋሽንግተን አካባቢ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ እድሩ፣ ምግብ ቤቱ፣ የሕፃናት አማርኛ ትምህርቱ ሁሉ አለ፤ ሰው እንደሚቆይ ስለሚያውቅ ይተክላል። ሳዑዲ ያሉት ወሎዬዎችም እቁብ ይጥላሉ፣ አንዲት ስትታሰር ያዋጣሉ፣ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ በአንድ ሌሊት ገንዘብ ይሰበስባሉ። ፍቅሩ ካንደኛው አያንስም። ዘላቂ ነገር ግን መትከል አይችሉም፤ የእቁቡ ሰብሳቢ ከተያዘች እቁቡ ይበተናል።

አሜሪካ ያለውም ሁሉ እንደዚህ የተደላደለ አይደለም። ጥገኝነት ጠይቆ ፍርድ ቤት ለዓመታት የሚያመላልሰው፣ ሚስቱንና ልጆቹን በስልክ የሚያሳድግ ብዙ ነው። የእርሱ ጭንቀት ወደ ጅዳዋ እህቱ የሚጠጋው የእርሱም ወረቀት በሌላ እጅ በመሆኑ ነው።

አገራችንም ሁለቱን እኩል አታያቸውም። የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ ያወጣል፣ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ኢንቨስት ያደርጋል፤ በጉባኤና በአቀባበል ይከበራል። ይገባዋልም። ከተርሂል በቀጥታ ቦሌ የምትወርደው፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከእጇ ያልወጣው ልጅ ግን አነስተኛ የትራንስፖርት ገንዘብ ተቀብላ የደሴን አውቶቡስ ትፈልጋለች። ከቤተሰቧ አንድ ዓመት ሙሉ የላከችውን የሚያስታውስ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ደግሞ ሌላ ደላላ ይጠብቃታል።

ልጅ በኮንትራት የሚልክ ቤተሰብ ዛሬ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። የኮንትራቱ ቅጂ፣ የፓስፖርቱና የቪዛው ፎቶ ቤት ይቅር፤ የከፊሉ ሙሉ ስም፣ የሚኖርበት ከተማና የላካት ኤጀንሲ ስልክ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ። ችግር ሲመጣ ኤምባሲው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፣ አብዛኛው ቤተሰብ ግን «ሳዑዲ ናት» ከማለት ያለፈ መልስ የለውም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም የባንክ አካውንት ይከፈትላት። በወንድም ወይም በአባት ስም የገባ ገንዘብ በመልካም ሐሳብም ቢሆን ይበላል፤ ሠርግ አለ፣ ሐዘን አለ፣ የባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ አለ። ለቤቱ የምትረዳውን ለይታ ለአባቷ ትላክ፣ የራሷን ድርሻ የምታንቀሳቅሰው ግን እርሷ ብቻ ትሁን።