ዳይሬክት ዳይ ማቀዝቀዣ ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር የምንጠግንና የምንገጣጥም ሰዎች ይህን ቃል እንዳሻን ስንወረውረው ቆይተናል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወንድሜ ተራ የውሃ ማቀዝቀዣ የገጠመለትን ኮምፒውተር «ዳይሬክት ዳይ ነው» እያለ ሲያስተዋውቅ አየሁ። የፕሮሰሰሩ ክዳን ግን አልተነሳም። ክዳኑ ካልተነሳ ዳይሬክት ዳይ የለም፣ በቃ።

ጉዳዩ ውሃው አይደለም። በሲሊከኑና በማቀዝቀዣው መካከል ምን አለ የሚለው ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ ስሙ ተጽፎበት የምናየው ብረት ክዳን ነው፤ ኒኬል የተለበጠ መዳብ። ሥራውን የሚሠራው የሲሊከን ቁራጭ፣ ማለትም ዳዩ፣ ከሥሩ ተቀምጧል። ሙቀቱ ከዳዩ ወጥቶ መጀመሪያ በዳዩና በክዳኑ መካከል ያለውን ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ወይም ኢንዲየም በሚባል ብረት የተሠራ ብየዳ ያልፋል። ከዚያ ክዳኑን፣ ከዚያ እኛ የቀባነውን ፔስት። ከላይ የሚገጠመው ማቀዝቀዣ ብሎክ ጋ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዳይሬክት ዳይ ማለት ክዳኑን አንስቶ ብሎኩን ዳዩ ላይ ማሳረፍ ነው። እንዲህም ሆኖ ውሃው ሲሊከኑን አይነካም፤ በመዳቡ ብሎክ ውስጥ ነው የሚዞረው። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር እኮ ድሮም ይህ ክዳን የለውም! በፋን ብቻ የሚቀዘቅዝ ላፕቶፕ ከዚያ ባለውሃ ኮምፒውተር ይልቅ ለስሙ ይቀርባል።

ወንድሜ «ራዲያተሩን (ውሃው የተሸከመውን ሙቀት ለአየር የሚሰጠውን ክፍል) ካሳደግኩት ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም። ሙቀቱን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጭነት መኪና አድርጉት። ዳዩ ደሴ፣ ራዲያተሩ ኮምቦልቻ። መኪናው ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ተሰልፎ ሳለ የኮምቦልቻን አስፋልት ማስፋት ምን ይጠቅማል? ክዳን ማንሳት ሐረጎን ማቅናት ነው። ግን የመኪናው ብዛት አልቀነሰም። ፕሮሰሰሩ 200 ዋት ከበላ 200 ዋት ሙቀት ክፍላችሁ ውስጥ ይገባል። ያጠረው ደሴ ላይ የሚጠብቀው ሰልፍ ነው፤ እሱም የዳዩ ዲግሪ ነው። መንገዱን ስታቀኑ ደግሞ የገደሉን መከላከያ አብራችሁ ታነሳላችሁ። ብሎኩ ትንሽ ዘንበል ብሎ ከተጫነ የዳዩ ጠርዝ ይሸረፋል። አትሎን ኤክስፒ በሚባለው የድሮ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ዘመን የነበሩ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ያኔ ፕሮሰሰሩ ያለ ክዳን ነበር የሚሸጠው።

ጥቅሙም ለሁሉም እኩል አይደለም። ኢንቴል በ2012 አይቪ ብሪጅ በተባሉት ፕሮሰሰሮቹ ላይ ብየዳውን ትቶ ከክዳኑ ሥር ፔስት አደረገ፤ የዚያን ጊዜ ክዳን ማንሳት በጣም ያዋጣ ነበር። በ2018 በ9ኛው ትውልድ ኮር አይ 9 ላይ ወደ ብየዳ ተመለሰ። የተበየደውን ማንሳት ይከብዳል፣ ትርፉም ብዙውን ጊዜ ያንሳል። የኤኤምዲ ሪዘን 7000 ግን ክዳኑ ወፍራም ስለሆነ ብየዳ እያለውም ሲነሳ ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ቅናሽ ታይቶበታል።

«ደሴ ብርድ ነው፣ ምን ያስጨንቃል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ራዲያተር ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች አያቀዘቅዝምና የኛ ብርድ ይረዳል። ነገር ግን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ግን ይሞቃል።

መሞከር ለምትፈልጉ፦ ክዳኑ ሲነሳ ፕሮሰሰሩ ቁመቱ ስለሚቀንስ ተራው ብሎክ ላይደርስበት ይችላል። የኢንቴል ሶኬት ደግሞ ፕሮሰሰሩን የሚይዘው ክዳኑን ተጭኖ ስለሆነ ለብቻው የተሠራ ፍሬም ያስፈልጋል። በፔስት ፈንታ ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) ከቀባችሁ ብሎኩ አሉሚኒየም እንዳይሆን፤ ውስጡ ያለው ጋሊየም ይበላዋል። ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ዳዩ አጠገብ ትንንሽ ካፓሲተሮች ካሉ ቀድማችሁ የማያስተላልፍ ነገር ቀቧቸው፤ አንዲት ጠብታ ከዳዩ ላይ ሸሽታ እነሱ ላይ ካረፈች ፕሮሰሰሩ ሊቃጠል ይችላል።