«ድሮ ቀረ» የሚባለው ናስካር፦ ወሬውና እውነቱ

የአሜሪካውን የናስካር የመኪና ውድድር የሚወዱ ሰዎች «ድሮ ቀረ» ማለት ይቀናቸዋል። ያንን አቧራማ ዘመን እኔም እወደዋለሁ። ስለምወደውም ያልነበረ ነገር ሲለጠፍበት ይከፋኛል። (ቀኖቹና ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የጥንቶቹ ሹፌሮች በሙሉ አረቄ አመላላሾች ነበሩ»

አንዳንዶቹ፣ አዎ። በደቡብ ግዛቶች በድብቅ የወጣ አረቄ ጭነው፣ በሌሊት ከፖሊስ እያመለጡ ነው መሪ የለመዱት። የናስካሩ ሹፌር ጁኒየር ጆንሰን በ1956 አባቱ አረቄ የሚያወጣበት ቦታ ተይዞ ታስሯል። የ1949ኙ፣ የናስካር ዋናው ውድድር የመጀመሪያ ሻምፒዮን ሬድ ባይረን ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ነው። ግራ እግሩ ክፉኛ ቆስሎ ስለነበር ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ጋር በብረት ተይዞለት ነበር የሚነዳው። የመኪናው ባለቤት ሬይመንድ ፓርክስ ግን ገንዘብ የያዘው በአረቄ ንግድ ነው። ወሬው ከመሬት አልተነሳም።

«መኪኖቹ ከመሸጫ እንደወጡ ነበሩ»

ሕጉ እንደዚያ ይል ነበር። ጁን 19 ቀን 1949 ሰሜን ካሮላይና፣ ሻርሎት ውስጥ፣ አፈር ሜዳ ላይ፣ የናስካር ዋናው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። ግሌን ደናዌይ በፎርድ ቀድሞ ገባ። ከዚያ ፈታሾቹ መኪናውን ሲያዩት የኋላ ባሌስትራው ተነካክቷል። አረቄ አመላላሾች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ኋላው ሲጫን እንዳይዘቀዝቅ፣ ኩርባ ላይም እንዳይዋልል። ድሉ ተነጥቆ በሊንከን ለተወዳደረው የካንሳሱ ጂም ሮፐር ተሰጠ። መኪና የመነካካት ጭቅጭቅ የዛሬ ዘመን በሽታ አይደለም፤ በመጀመሪያዋ ቀን ነበር።

«ሴት ሹፌር አልነበረም»

በዚያው ውድድር ሳራ ክርስቲያን ነድታለች። በወሩ ዴይቶና ባሕር ዳርቻ ላይ እሷ፣ ኤተል ሞብሊና ሉዊዝ ስሚዝ ሦስቱም ተሰልፈዋል።

«ያኔ ሹፌሩ ጀግና ነበር፤ መከላከያ ምናምን አያሻውም»

ፋየርቦል ሮበርትስ በ1964 ሻርሎት ላይ መኪናው ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። ከ39 ቀን በኋላ ሞተ። ነዳጅ እንዳያፈስ ውስጡ የጎማ ከረጢት ያለው ታንክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጀግንነቱን ማንም አልካደም። ግን ሰው ነው የተቃጠለው።

«ያኔ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል፤ አድልዎ የለም»

ይሄኛው ነው የሚያመኝ። ዲሴምበር 1 ቀን 1963፣ ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ። ዌንደል ስኮት ጥቁር ነው፤ መኪናውንም የሚጠግነው ራሱ ነው። ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰ። የአሸናፊነቱ ባንዲራ ግን ለሌላው ሹፌር ለባክ ቤከር ተውለበለበ፤ ዋንጫውም ለእሱ ተሰጠ። ሰዓታት አልፈው ተመልካቹ ከተበተነ በኋላ፣ የዙሩ ቆጠራ ሲታይ ያሸነፈው ስኮት መሆኑ ታመነ። በናስካር ዋናው ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሹፌር ሆነ፤ ሲያሸንፍ ያጨበጨበለት ግን የለም። ስኮት በ1990 ዐረፈ። ናስካር የዚያን ቀን ድል ዋንጫ ለቤተሰቡ ያስረከበው በ2021 ነው።