ቀይ ሥጋና ጤና፦ ደሴ ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ ስለ ሥጋና ጤና ሲወራ ፍርሃቱም ድፍረቱም ያለቦታው ነው። ሥጋ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ይፈራዋል። መቀነስ ያለበት ደግሞ «ብላ፣ ምን ይነካሃል» የሚለው አያጣም። ለስምንት ወር ልጇ ሥጋ ማቅመስ የምትፈራ እናት አለች። በዚያው ቤት አባወራው ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ብቻውን ይጨርሳል። ሁለቱም የሰሙትን አምነው ነው። ነገሩ ስለሚያሳስበኝ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሐኪሞች ቀይ ሥጋ የሚሉት የበሬን፣ የበግን፣ የፍየልንና የግመልን ሥጋ ሁሉ ነው። ጮማ ያለውም የሌለውም እዚያው ይቆጠራል። ዶሮና ዓሣ ግን የሉበትም።

«ሥጋ ካንሰር ያመጣል፤ ከሲጋራ አይለይም»

ወሬው መነሻ አለው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ10 አገሮች የተውጣጡ 22 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ጥናቶቹን አስመረመረ። በጨው፣ በጭስ ወይም በሌላ ማቆያ የተዘጋጀ ሥጋ (የተቀነባበረ ሥጋ ይሉታል) የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ አገኙ። ስለዚህ ሲጋራ ካለበት ምድብ አስገቡት። ተራው ቀይ ሥጋ ግን አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ «ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት ጋር ተመደበ።

ሰዉ የተምታታው እዚህ ላይ ነው። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው። ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይናገርም። የጤና ድርጅቱ ራሱ የጠቀሰውን ግምት እንይ። በዓለም ላይ በትምባሆ ሳቢያ በዓመት 1 ሚሊዮን ያህል ሰው በካንሰር ይሞታል። የተቀነባበረ ሥጋ ከማብዛት ጋር የተያያዘው ሞት 34 ሺህ ገደማ ነው። ሁለቱን እኩል ማድረግ ሲጋራ አጫሹን ከማጽናናት ያለፈ ጥቅም የለውም።

«በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድል 18 በመቶ ይጨምራል» የሚባለውም ከዚያው የመጣ ነው። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ ለሚበላ ሰው የተሰላ ነው። ከ100 ሰው 5ቱ በዕድሜ ዘመናቸው በዚህ ካንሰር የሚያዙበት አገር ቢኖር፣ 5ቱ ወደ 6 ይጠጋሉ ማለት ነው። ቀላል ነው አልልም። ግን ከ100 ሰው 18ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም።

እኛ ዘንድ የተቀነባበረ ሥጋ የሚባለው ሞርታዴላና የቆርቆሮ ሥጋ ነው። በጨው ታሽቶ የሚደርቀው ቋንጣም ትርጉሙን ያሟላል። ይሁንና ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት ቋሊማና መሰሉ የየቀን ቁርስ በሆነባቸው አገሮች ነው። በወር አንዴ ቋንጣ ፍርፍር የሚበላ ሰው እንቅልፍ አይጣ። ልጁን በየጠዋቱ ሞርታዴላ በዳቦ አስይዞ ትምህርት ቤት የሚልክ ሰው ግን ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

መጠኑስ? የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ምክር በሳምንት 3 ጊዜ ያህል፣ ሲደመር ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ይበቃል ይላል። ጥሬው ሲመዘን ከ500 እስከ 700 ግራም አካባቢ ነው። እንግዲህ ያ የቅዳሜው ግማሽ ኪሎ የሳምንቱ ድርሻ ነበር። እሑድ ጥብስ፣ ማክሰኞ ቅቅል ሲጨመርበት ሂሳቡ ያልፋል። አብዛኛው የአገራችን ሰው ግን ከዚህ ጣሪያ በጣም ሩቅ ነው። በአማካይ በዓመት 10 ኪሎ ሥጋ እንኳ እንደማይደርሰው ይገመታል። ማስጠንቀቂያው ለሁሉም እኩል አይሠራም የምለው ለዚህ ነው።

«አብሽር፣ የደሴ ብርድ ጮማውን ያቃጥለዋል»

ይህን ያልሰማ ደሴዬ የለም። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰውነት ሲንቀጠቀጥ ተጨማሪ ጉልበት ማቃጠሉም እውነት ነው። እኛ ግን አንንቀጠቀጥም። ጃኬት እንለብሳለን፣ ጋቢ እንደርባለን፣ ከሆጤ ፒያሳ በባጃጅ እንሄዳለን። የሞቀው ሰው ተጨማሪ የሚያቃጥልበት ምክንያት የለውም።

ሲቀዘቅዝ ሳህን ላይ የሚረጋው ስብ፣ የጮማም የቅቤም፣ በደም ውስጥ ኤልዲኤል የሚባለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ጉበት ኤልዲኤሉን ከደም የማንሳት ሥራውን እንዲቀንስ ያደርገዋል። ብርዱ ይህን አይለውጠውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከቀኑ የምግብ ጉልበት ከዚህ ዓይነቱ ስብ የሚገኘው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ክትፎ በቅቤ ሲለወስ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ።

25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ደግሞ ሰበቡ ይገለበጣል። «ላቡ ያወጣዋል» ይባላል። በላብ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ ስብ አይወጣም።

«አያቶቻችን ጮማ እየበሉ መቶ ዓመት ኖረዋል» ለሚሉም መልስ አለ። አያቶቻችን ሥጋ የሚያገኙት በዓውደ ዓመትና በድግስ ነበር። በቀረው ጊዜ ሽሮና ክክ በልተው ዳገት ቁልቁለቱን በእግራቸው ይወጡ ይወርዱ ነበር።

«የፍየል ሥጋ ኮሌስትሮል የለውም»

አለው። የእንስሳ ሥጋ ሆኖ ኮሌስትሮል የሌለው የለም፤ ዶሮም አለው። የፍየል ብልጫው ጮማው ማነሱ ነው። ስለዚህ ከበግ ላት ፍየል መምረጥ ብልህነት ነው። «ፍየል ነው» ብሎ መጠን መርሳት ግን አያዋጣም። ከሐይቅ የሚመጣው ዓሣ በሳምንት አንድ ሁለቴ የሥጋውን ቦታ ቢይዝ የበለጠ ይጠቅማል።

«አረቄና ሚጥሚጣ ካለ ጥሬ ሥጋ ምንም አያደርግም»

ስለ ጥሬ ሥጋ ሳወራ ብዙ ወዳጆቼ ይቆጣሉ። ቢሆንም ልበለው። የኮሶ ትል እንጭጭ በበሬው ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ከ1 ሳንቲ ሜትር በማትበልጥ ነጭ የውሃ ከረጢት ተሸፍኖ ነው። ቢላው ሲያልፍ ብልጭ ብላ ልትታይ ትችላለች፤ ሥጋው ውስጥ ከተቀበረች ግን አትታይም። አረቄው በጉሮሮ አልፎ ጨጓራ ውስጥ በምራቅ፣ በውሃና በምግብ ይቀጥናል። ከረጢቷ ውስጥ ያለውን አይገድለውም። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው ምላስን ነው። የጨጓራ አሲድና የሐሞት ፈሳሽ እንጭጩን እንዲያውም ይቀሰቅሱታል። አንጀት ላይ ተጣብቆ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል።

የቄራ ሐኪም የሚፈትሸው ትሉ የሚበዛባቸውን ቦታዎች ነው። ምላሱን፣ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ልቡንና ትከሻውን እየቀደደ ያያል። ማኅተም ያለበት ሥጋ ከሌለበት በእጅጉ ይሻላል። ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበት በሬ ግን ከፍተሻው ሊያመልጥ ይችላል። መንደር ውስጥ በቅርጫ የሚታረደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የእንስሳት ሐኪም የለም።

ትሉ በመድኃኒት በቀላሉ ይወጣል፤ እሱ ብቻ ቢሆን ባላሳሰበኝ። ጥሬ ሥጋ ሳልሞኔላንና ሌሎች ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችንም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለሽማግሌና የበሽታ መከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው አደጋው ይከብዳል። እነሱ ጥሬውን ይተዉት። ለብለብም አያድናቸውም፤ መሐሉ ቀይ የሆነ ሥጋ በስሏል አይባልም።

አባ ሰንጋ (አንትራክስ የሚባለው፣ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) ግን ጭራሽ ሌላ ነው። በድንገት የሞተ ወይም ሊሞት ሲል ተሯሩጠው ያረዱት ከብት ይኖራል፤ በአፍ በአፍንጫው ያልረጋ ደም ይወጣው ይሆናል። ይህን አይብሉ፣ አይግፈፉ፣ ለጎረቤትም አይስጡ። የአባ ሰንጋው ዘር ቤት ውስጥ በሚደረግ ማብሰል ላይሞት ይችላል። ለእንስሳት ጤና ሰዎች ይንገሩ።

«ሕፃን ሥጋ አይፈጭለትም፤ መረቁ ይበቃዋል»

ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ይዞት የተወለደው ብረት እያለቀ ነው። የጡት ወተት ብዙ ጥቅም አለው፤ ብረቱ ግን ለዚህ ዕድሜ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ልጆች ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል በየቀኑ ቢያገኙ ይመከራል ይላል። የስምንት ወር ልጅ ሆድ ሥጋ መፍጨት ይችላል። የማይችለው ማኘክ ነው።

መረቅ ይጣፍጣል፣ ሆድ ያሞቃል። ብረቱና ፕሮቲኑ በአብዛኛው የሚቀረው ግን ሥጋው ውስጥ ነው። ልጁ መረቁን ጠጥቶ ሥጋው ወደ አባት ሳህን ከሄደ ልጁ ያገኘው ጥቂት ነው። እንዲህ ያድርጉ፦ ጮማ የሌለበት ትንሽ ቁራጭ በደንብ ይቀቀል። መክተፊያ ላይ እስኪደቅ ይከተፍ ወይም በሙቀጫ ይወቀጥ። ከዚያ በራሱ መረቅ ረጥቦ ከተፈጨ ድንችና ካሮት ወይም ከገንፎው ጋር ይዋሃድ። ሲጀመር አንድ ማንኪያ ይበቃል። ጨውና በርበሬ አያስፈልገውም። ሥጋ በተወደደበት በዚህ ጊዜ ለቤቱ የሚገዛው ግማሽ ኪሎ ቢሆን እንኳ፣ የመጀመሪያው ድርሻ የሕፃኑና የነፍሰ ጡሯ ቢሆን እላለሁ።

«ደም ያነሰው ቀይ ሥር ይብላ»

ቀይ ሥር ጥሩ አትክልት ነው። መቅላቱ ግን የብረት ምልክት አይደለም። 100 ግራም ቀይ ሥር 1 ሚሊ ግራም እንኳ ብረት የለውም። ያው 100 ግራም የበሬ ሥጋ ከ2 ሚሊ ግራም በላይ አለው፤ ጉበት ደግሞ ከዚያ እጥፍ ያህል። ዋናው ልዩነት ሰውነት የሚወስደው ነው። የሥጋ ብረት በቀላሉ ይገባል፤ የእህልና የአትክልቱ ያንገራግራል። ትንሽ ሥጋ ከእህሉ ጋር ሲገባ የእህሉም ብረት በተሻለ ይወሰዳል። ቦዘና ሽሮ እንግዲህ ጣዕም ብቻ አይደለም። ሎሚና ቃሪያም ያግዛሉ።

የሚያበላሸው ማዕዱ እንደተነሳ የሚቀዳው ቡናና ሻይ ነው። የእህሉን ብረት ይይዘዋል። ወሎ ላይ ቡና ተው አልልም፤ ማንም አይሰማኝም፣ እኔም አልፈልግም። ደም ያነሰው ሰው አቦሉን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ያርቀው። ለነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ የሚሰጣት የብረት ክኒን በምግብ አይተካም። ጉበትም ብታበዛ ቫይታሚን ኤ ይበዛባትና ለፅንሱ ጥሩ አይሆንም።

«ጿሚ ሰው ሥጋ ስለማይበላ ይጎዳል»

ጤነኛ ሰው አይጎዳም። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ፕሮቲን ይሰጣሉ። ከእንስሳ ብቻ የሚገኘውን ቫይታሚን ቢ12 ጉበት ለረጅም ጊዜ ያከማቻል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ከሐኪምም ከንስሐ አባቷም ጋር ትነጋገር። የሚጎዳው 55 ቀን ጾሞ በፋሲካ ሌሊት ሆድን በጮማ መሙላት ነው። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው በዚያ ሌሊት ሕመሙ ሊቀሰቀስበት ይችላል።

«ሪህም ግፊትም ከሥጋ ነው»

መገጣጠሚያ ያመመው ሁሉ ሪህ የለበትም። እውነተኛው ሪህ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ኩላሊት አሲዱን በሚገባ አለማስወገዱ ነው፤ በዘርም ይወረሳል። ሥጋ ያባብሰዋል፤ ከሥጋም በላይ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ዱለትና ቢራ። ለስላሳ መጠጥም አለበት።

ግፊት ላይ ዋናው ተጠያቂ ጨው ነው። የቀኑ ጣሪያ 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ወጡ ላይ፣ ሚጥሚጣው ውስጥ፣ ቋንጣው ላይ ሳናየው ይገባል። «ሥጋ ትቻለሁ» ብሎ ክኒኑንም አብሮ የተወ ሰው በጣም ያሳስበኛል። ግፊት ሳያሳምም ስለሚጨምር ደህና የሆነ ይመስለዋል። ሥጋውን ይቀንስ፣ ጨውንም ይቀንስ፣ ክኒኑን ግን ሐኪሙ ሳይለው አያቋርጥ።