የላይብረሪ ሕንፃ፦ ፎቶው ሌላ፣ ወንበሩ ሌላ

ጅማ ውስጥ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሥር የቸከለ ሰው ያውቀዋል። ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ጎንህ ያለው ሰው ቢጮህም አይሰማም። መብራት ይሄዳል። ያን ጊዜ ንጉሡ መስኮት አጠገብ የተቀመጠው ነው። ስለ ዘመናዊ የላይብረሪ ሕንፃዎች ሲወራ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ መስኮት ነው፤ እነዚያ ፎቶ የምንነሳባቸው ግዙፍ ሕንፃዎችም ቢሆኑ የሚታገሉት ከዚሁ ነገር ጋር ነውና። ብርሃኑ በየት ይግባ? ሰውስ የት ይቀመጥ?

እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተውን የአሌክሳንድሪያውን እንይ። የነደፈው ስኖሄታ የሚባል የኖርዌይ ቢሮ ነው። ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ያዘነበለ፣ ዲያሜትሩ 160 ሜትር የሆነ ክብ ሰሃን ይመስላል። የግራናይት ግድግዳው ላይ ከ120 የዓለም ጽሕፈቶች የተውጣጡ ፊደላት ተቀርጸውበታል፤ ጎብኚው ሁሉ ካሜራውን የሚያወጣው እዚያ ጋ ነው። ለእኔ ግን ብልሃቱ ጣራው ነው። መስኮቶቹ ወደ ሰሜን ስለሚያዩ የግብፅ ፀሐይ በቀጥታ የመጽሐፉ ገጽ ላይ አታርፍም፣ ለስላሳ ብርሃን ብቻ ይገባል። ከሥሩ እንደ ገበሬ እርከን ደረጃ በደረጃ በሚወርደው አዳራሽ ደግሞ 2,000 ያህል አንባቢ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው የአሜሪካዋ ሲያትል ላይብረሪ ሌላ ዘዴ አለው። የነደፉት እነ ሬም ኮልሃስ፣ የኔዘርላንዱ አርክቴክት፣ የመደርደሪያውን ወለል እንደ መኪና መወጣጫ እያጠማዘዙ በአራት ፎቅ ውስጥ ሳይቆረጥ ወሰዱት። የአንድ ዘርፍ መጻሕፍት ሲበዙ ወደ ሌላ ፎቅ አይሰደዱም፣ ተራቸውን ይዘው ፈቀቅ ይላሉ። የቻይናው ቲያንጂን ቢንሃይ (እ.ኤ.አ. 2017) ግን ተቃራኒው ነው። ኢንተርኔቱን ያጥለቀለቀው እስከ ኮርኒስ የሚደርስ ነጭ መደርደሪያ ላይኛው ክፍሉ መጽሐፍ የለበትም፤ የመጽሐፍ ሥዕል የታተመበት አልሙኒየም ነው። ሲያዩት ያምራል። ምን ዋጋ አለው!

እኛም ጋ አብርሆት ላይብረሪ አለ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ፣ ፓርላማው ፊት ለፊት ተከፈተ። 19,000 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ፣ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ የፈሰሰበት ሕንፃ ነው። የፊንላንድ ዋና ከተማ የሄልሲንኪ ላይብረሪ ኦዲም (እ.ኤ.አ. 2018) ፓርላማ ፊት ለፊት መቆሙ ይገርመኛል። ኦዲ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር አለ፤ መጽሐፍ ሊዋስ የሚመጣ አለ፣ ሱሪውን ሊያሳጥር የሚመጣ አለ።

የእኛ አገር ተማሪ ግን በብዛት የሚገባው የራሱን ሀንድአውት ይዞ ነው። የሚፈልገው ወንበር ነው። ጠዋት ወንበር ላይ ደብተር ጥሎ ቁርስ ይሄዳል፣ ሲመለስ ደብተሩ መሬት ላይ ነው፤ በዚህ ስንት ጠብ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጅማ ላይብረሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዩኒቨርሲቲውን ነው። ለእንግዳ የምናሳየው ሕንፃ ግን ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው፣ የእንጨቱ ባለ ፎቅ። ከተማዋ አንድ ቀን ስሟን የሚያስጠራ ላይብረሪ ከሠራች ንድፍ አውጪው መጀመሪያ እዚያ ይውጣ እላለሁ። ዝናብ ሲጥል ሰገነቱ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ውኃው ከጣራው ክፈፍ ላይ ራቅ ብሎ ይወርዳል፣ ጠብታ አይነካህም፣ ብርሃኑም ለማንበብ ይበቃል። ወንበር ብቻ የለም።