ፒልቸክ ተራራና አናቱ ላይ ያለችው የእሳት ማማ

ገጠር ላደገ ሰው ማማ አዲስ ነገር አይደለም። ማሽላው ሲያፈራ ከፍ ብለው ይቀመጡበታል፣ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቁበታል። ፒልቸክ ተራራ አናት ላይ ያለችው ትንሽ የእንጨት ቤትም ሥራዋ ይኸው ነበር። ልዩነቱ የሚጠበቀው ጭስ መሆኑ ነው።

ተራራው ያለው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ነው። ከሲያትል በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢያስኬድ ነው፣ ከግራኒት ፎልስ ከተማ ወዲያ። ስሙ ቺኑክ ከሚባለው የድሮ የንግድ መግባቢያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን "ቀይ ውሃ" ማለት ነው። ቁመቱ 1,620 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቁጥሩን ብቻ ያየ ሐበሻ ሊንቀው ይችላል። እንዳትንቁት! መነሻው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከአራት ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ መንገድ 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣላችሁ፤ ትንፋሽ ባያጥር እንኳ ጉልበት ይፈተናል።

አሜሪካኖች በየተራራው ማማ መሥራት ላይ የበረቱት እ.ኤ.አ. ከ1910 በኋላ ነው። በዚያ ክረምት ኢዳሆና ሞንታና ውስጥ በሁለት ቀን 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ደን ነደደ፣ ከ80 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ እሳቱን ለማጥፋት የወጡ ነበሩ። እሳት ትንሽ ሳለ ካልታየ እንደማይቻል ያን ጊዜ ገባቸው። ከዚያ በኋላ በመላ አገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ማማዎች ተሠሩ።

የጠባቂው ሥራ እንዴት ነበር? እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ክፍሉ መሃል ኦስቦርን የሚባል መሣሪያ ይቀመጣል፤ ክብ ካርታ ሆኖ ዙሪያውን የሚሽከረከር ቀለበትና ማነጣጠሪያ አለው። ጭስ ሲታይ ጠባቂው ያነጣጥራል፣ አቅጣጫውን በዲግሪ ያነባል፣ በስልክ ይናገራል። ሌላ ተራራ ላይ ያለው ጓደኛውም የራሱን ይናገራል፤ ሁለቱ መስመሮች ካርታው ላይ የተገናኙበት ቦታ እሳቱ ያለበት ነው። ያለ ሳተላይት፣ ያለ ጂፒኤስ! መብረቅ ሲበዛ ደግሞ እግሮቹ ላይ ብርጭቆ የተገጠመለት በርጩማ ላይ ይወጡ ነበር፣ ኤሌክትሪኩ በእነሱ በኩል እንዳያልፍ። ሥራው የወንድ ብቻም አልነበረም። ሃሊ ዳጌት እ.ኤ.አ. በ1913 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቀጥራ ለአሜሪካ የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት የእሳት ጠባቂ ሆነች፤ ከአሥር ዓመት በላይም ሠርታበታለች።

በኋላ አውሮፕላን መጣ፣ ማማዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ብዙዎቹ ፈረሱ ወይም ተቃጠሉ። የፒልቸኳ የተረፈችው እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ስለጠገኗት ነው። ሚስማርና እንጨት ይዘው እዚያ ድረስ ለወጡ ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ዛሬ ውስጧ የታሪኳ ፎቶዎችና ጽሑፎች ተሰቅለዋል። አየሩ ጥርት ካለ በአንድ በኩል ቤከር ተራራ፣ በሌላ በኩል ሬኒየር ተራራ፣ በምዕራብ ደግሞ ባሕሩና የኦሎምፒክ ተራሮች ይታያሉ።

መንገዱ መጀመሪያ ጥላ ያለው ደን ነው፣ ቀጥሎ ድንጋይ ይበዛል። መጨረሻ ላይ ትልልቅ ቋጥኝ በእጅ እየተያዘ ይወጣል፣ ከዚያ አጭር መሰላል አለ። በረዶው አንዳንድ ዓመት እስከ ጁላይ ድረስ አይለቅም። ሰው የሚጎዳውና የሚጠፋውም ብዙውን ጊዜ በረዶው ዱካውን ሲሸፍን ወይም ጭጋግ ሲወርድ፣ በተለይ ከአናቱ ሲመለስ አቋራጭ ፍለጋ ከመንገድ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጫማ፣ ጃኬትና ባትሪ ያዙ፣ ሳይመሽም ተመለሱ። ማማዋ ውስጥ አረፍ ብላችሁ ስትወጡ በሩን በደንብ ዝጉት፤ ዝናብ ከገባ ወለሉ ይበሰብሳል።