ስኪል ላብ በጅማ፦ የነርሲንግ ተማሪዎች የግል ልምምድ

ስኪል ላብ የነርሲንግ ተማሪ ታካሚ ከመንካቱ በፊት እጁን የሚያፍታታበት ክፍል ነው። በውስጡ የሆስፒታል አልጋ፣ የመርፌና የካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) መለማመጃ ክንድ፣ የካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) መለማመጃ ሞዴል፣ ሙሉ ሰው የሚያህል ማኒኪንና የጨቅላ ሕፃን አሻንጉሊት ይገኛሉ። በክፍሉ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንደኛው መምህሩ ፕሮሲጀሩን (የሕክምና ተግባሩን) እየሠራ ተማሪዎች ከበው የሚያዩበት ዴሞ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪው ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ ለብቻው ወይም ከጓደኞቹ ጋር ገብቶ ያየውን የሚደጋግምበት የግል ልምምድ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ዴሞ በክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የራሱ ቦታ ሲኖረው የግል ልምምድ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ቁልፉን የያዘው ሰው በመገኘቱ ወይም ባለመገኘቱ ነውና።

አመጣጡ

ለነርሶች ማስተማሪያ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ታዋቂ አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ1911 ለአሜሪካው ሃርትፎርድ ሆስፒታል የቀረበችው “ወይዘሮ ቼዝ” ናት። ኖርዌያዊው አሻንጉሊት ሠሪ ኦስሙንድ ላርዳል የልብና የትንፋሽ ማገገሚያ መለማመጃ የሆነችውን “አን”ን እ.ኤ.አ. በ1960 አወጣ። ተማሪዎች “ኦስኪ” የሚሉት፣ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ የሚፈተኑት የተግባር ፈተና ደግሞ በስኮትላንድ ዳንዲ በሮናልድ ሃርደንና በባልደረቦቹ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1975 ታትሟል።

የጅማ መንገድ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጅማ በኢትዮጵያ የጤና ትምህርት ታሪክ የራሷን ፈር ቀዳጅ መንገድ የያዘች ከተማ ናት። ሆስፒታሏ በ1930 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ለወራሪው ጦር አገልግሎት እንደተቋቋመ ይነገራል። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1975 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ትምህርቱን በማኅበረሰብ ላይ እንዲመሠረት አድርጎ ቀረጸው፤ ይህም ተማሪው ሕዝቡ ወዳለበት ሄዶ፣ ቤት ለቤት መረጃ ሰብስቦ፣ ችግሩን ለይቶ፣ መፍትሔውንም ከነዋሪው ጋር እንዲፈልግ የሚያደርግ ሥርዓት ነበር። ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. ከጅማ ግብርና ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይህ አካሄድ ወደ ሌሎቹ የትምህርት መስኮች ተሻገረ እንጂ አልቀረም። “በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን” የሚለው የዩኒቨርሲቲው መርሕም ከዚሁ ልምድ የተቀዳ ነው።

ከሥርዓቱ ዋና ዋና ምሰሶዎች አንዱ የቡድን ሥልጠና ነው። ለመመረቅ የተቃረቡ የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የሌሎች ሙያዎች ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተደራጅተው እንደ አጋሮ፣ አሰንዳቦና ሸቤ ባሉ ከተሞች በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ለሳምንታት ይሠራሉ። ይህ ሥርዓት ለስኪል ላብ ጉዳይ የሚኖረው ትርጉም ብዙ ጊዜ አይነሳም። በትልቅ ሆስፒታል ዎርድ (የታካሚዎች መኝታ ክፍል) ውስጥ ያለ ተማሪ እጁ ቢያመነታ ከጎኑ የሚረከበው ሰው አያጣም፤ ጤና ጣቢያ ላይ ግን በሌሊት አንዲት ወላድ ብትመጣ በሥፍራው ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ተማሪውም ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ከከተማ ከመውጣቱ በፊት ስንት ጊዜ ደጋግሟል የሚለው ጥያቄ እዚህ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል።

ከ2004 እስከ 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ የተካሄደው የጤና የሰው ኃይል ማጠናከሪያ ፕሮጀክት በአገሪቱ የጤና ትምህርት ተቋማት የተግባር መለማመጃ ክፍሎችን በመሣሪያና በመምህራን ሥልጠና አግዟል።

አሠራሩ

የግል ልምምድ በሦስት መልክ ይካሄዳል፦ በተወሰኑ ሰዓታት ክፍሉን ለሁሉም ክፍት በማድረግ፣ ቡድኖች ቀድመው በመዝገብ እየተመዘገቡ በየተራ እንዲገቡ በማድረግ፣ ወይም ከፍ ያለ ዓመት ተማሪ ታናናሾቹን እንዲያለማምድ በመመደብ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ሦስተኛውን ያስበልጣል፤ ታናሹ መምህሩን የሚያፍርበትን ጥያቄ ታላቁን ሳይፈራ ይጠይቃል፣ ታላቁም ሲያሳይ የራሱን ስሕተት ያገኛል።

ልምምዱ የሚመራው የሥራውን ደረጃዎች በቅደም ተከተል በሚዘረዝር ወረቀት፣ በቼክሊስት ነው። አንዱ ሲሠራ ሌላው ወረቀቱን ይዞ ይከታተላል፤ ሦስተኛ ካለ የታካሚውን ድምፅ ይሰጣል። ቼክሊስቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚጀምረው ሰላምታ ሰጥቶ፣ ራስን አስተዋውቆ፣ የሚሠራውን አስረድቶ ፈቃድ በመጠየቅ ሲሆን፣ ብቻውን የሚለማመድ ተማሪ በብዛት የሚዘለውም ይህንኑ ነው፤ ለጎማ ክንድ ማውራት ያሳፍረዋል። በጅማና በዙሪያዋ አብዛኛው ታካሚ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሆነ፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ “አከም ጅርቱ” ብሎ ጀምሮ መርፌው ለምን እንደሚሰጥ እስኪያስረዳ ድረስ ያለውን ንግግር ቋንቋውን ከሚያውቅ ጓደኛው ጋር ደጋግሞ ቢለው፣ ካኑላ ማስገባቱን ከሚለማመድበት ሰዓት ያላነሰ ጥቅም አለው።

ካኑላው ራሱ የክፍሉን ሁኔታ ይናገራል። ብዙ እጅ ያለፈበት የመለማመጃ ክንድ የክርኑ ማጠፊያ ላይ በቀዳዳ ይሞላል፤ ተማሪው ደም ሥሩን በጣቱ ዳስሶ ሳይሆን ቀዳዳውን በዓይኑ አይቶ ይወጋል፣ በደም ፈንታ ክንዱ ውስጥ ያለው ቀይ ውኃም ሲመለስ ተሳካልኝ ይላል። ዎርድ ውስጥ ግን ምልክት ያለበት ክንድ አያገኝም። ጥሩ አለማማጅ ቆዳውን ያዞራል፣ ወይም ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ ደም ሥሩን እንዲያገኝ ያደርጋል። ክንዱ ከልምምድ በኋላ ውኃው ተንጠፍጥፎ መድረቅ አለበት፤ እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር እርጥብ ሆኖ የተከደነ ጎማ ይሻግታል።

ጓንት፣ ሲሪንጅና ካኑላ ዋነኞቹ አላቂ ዕቃዎች ናቸው፤ በአቅርቦት እጥረት ልምምድ የሚቆመውም በአብዛኛው በእነርሱ ነው። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ለልምምድ ሊውል ቢችልም “ለልምምድ ብቻ” ተብሎ ተለይቶ መቀመጥና ወደ ዎርድ ፈጽሞ አለመመለስ ይኖርበታል። ተማሪዎች የደም ግፊትና የልብ ምት እርስ በርስ መለካታቸው ይደገፋል፤ በመርፌ እርስ በርስ መወጋጋት ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ያገለገለ መርፌም አሻንጉሊት ስለነካ ብቻ ከአደጋ ነፃ አይሆንምና ወደ ሴፍቲ ቦክስ (ስለታም ዕቃ መጣያ ሣጥን) ይጣላል።

ክርክሩ

አንዳንድ መምህራን ያለ ተቆጣጣሪ የሚደረግ ልምምድ ስሕተትን ያጸናል ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ሆኖም መልሱ ክፍሉን መቆለፍ ሳይሆን ቼክሊስትና አለማማጅ ማኖር እንደሆነ ጥርጥር የለውም። ሲሙሌሽን (በአሻንጉሊትና በተመሰለ ሁኔታ የሚደረግ ልምምድ) የዎርድ ሰዓትን ይተካል ወይ የሚለው ግን የበለጠ ያከራክራል። የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው፣ 10 ትምህርት ቤቶችን ያካተተ ጥናት እስከ ግማሽ ድረስ ቢተካ የተመራቂዎች ብቃት እንደማይቀንስ ቢያሳይም፣ የተካሄደው በቂ መሣሪያና የሠለጠኑ መምህራን ባሉባቸው ተቋማት ስለሆነ ውጤቱን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ያስቸግር ይሆናል።

ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ የታንዛንያው ሃይዶም ሆስፒታል ነው። በዚያ ጨቅላ ሕፃናትን የማስተንፈስ የአንድ ቀን ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች በአሻንጉሊቱ ላይ ተሻሻሉ፣ በማዋለጃ ክፍል ግን ሥራቸው እምብዛም አልተለወጠም። በኋላ አጫጭር ልምምዶች በሥራ ቦታው ላይ ቶሎ ቶሎ መሠራት ሲጀምሩ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ቀነሰ።

ለዚህ ልምምድ የሚያገለግለው አሻንጉሊት ለብ ያለ ውኃ ሲሞላ የጨቅላ ክብደትና ልስላሴ ይኖረዋል። ጭንቅላቱ በትክክል ካልተስተካከለና ጭምብሉ ፊቱ ላይ ካልገጠመ ደረቱ አይነሳም፤ ተማሪውም መሳሳቱን ማንም ሳይነግረው ያውቃል፣ አቀማመጡን ያስተካክላል፣ እንደገና ይሞክራል። በእውነተኛው ሥራ ላይ ማስተንፈሱ መጀመር ያለበት ከመወለድ በኋላ ባለችው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ ነው። ውኃው ሲፈስስለት አሻንጉሊቱ ቀላል ሆኖ ተጣጥፎ በቦርሳ ይያዛል፤ ስለዚህ ወደ አጋሮ ወይም ወደ አሰንዳቦ የሚወጣ ቡድን አብሮት ቢወስደው፣ ወላድ በሌለችበት ሰዓት በጤና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ልምምዱን መቀጠል ይችላል።