የሐምሌት እብደት፦ እውነት ለመናገር ማበድ

«ሐምሌት» እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ የተጻፈ የሼክስፒር የበቀል ተውኔት ነው። በአማርኛ የተረጎመው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። የዴንማርክ ንጉሥ ይሞታል። ወንድሙ ክላውዲየስ ዙፋኑንም ሚስቱንም ይወርሳል። ከዚያ የሟቹ መንፈስ ለልጁ ለሐምሌት ተገልጦ «የገደለኝ አጎትህ ነው» ይለዋል። ልጁ ማስረጃ የለውም፤ ቤተ መንግሥቱም በጆሮ ጠቢ ተሞልቷል። ስለዚህ እብድ ለመምሰል ይወስናል።

ዘዴው ከሼክስፒር በፊትም ነበረ። በ1200 አካባቢ ሳክሶ ግራማቲኩስ በላቲን በጻፈው የዴንማርክ ታሪክ ውስጥ አምሌት የሚባል ልዑል አለ። አምሌት ቆሽሾ ምድጃ ዳር ይቀመጥና የእንጨት ካስማ ይጠርባል፤ ጫፉንም በእሳት ያጠነክራል። ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «የአባቴን ደም የምመልስበት ጦር ነው» ይላል። ይስቁበታል። በመጨረሻ መኳንንቱ ሰክረው ሲወድቁ መጋረጃ ይጥልባቸዋል፤ በነዚያው ካስማዎች ጠፍሮ አዳራሹን ያቃጥለዋል። ሰውዬው አልዋሸም እኮ!

የሼክስፒሩ ሐምሌት ካስማው ቃል ነው። የንጉሡን አማካሪ ፖሎንየስን ገድሎ ሬሳውን ሲደብቅ ንጉሡ «የት ነው?» ይለዋል። «እራት ላይ» ይላል፤ የሚበላበት ሳይሆን የሚበላበት እራት። ይህ ለአማርኛ የተፈጠረ ይመስላል፤ የመጀመሪያውን አላልቶ፣ ሁለተኛውን አጥብቆ ማንበብ ብቻ ነው። ቀጥሎ ትል ንጉሥን ይበላል፣ ዓሣ ትሉን፣ ለማኝ ዓሣውን፤ ስለዚህ ንጉሥ በለማኝ አንጀት ውስጥ ይጓዛል ይለዋል። ጤነኛ ሰው ይህን ንጉሥ ፊት ቢናገር አንገቱን ያጣ ነበር።

እኔን ይበልጥ የምትነካኝ ግን የፖሎንየስ ልጅ ኦፊልያ ናት። የእሷ እብደት የምር ነው። ጤነኛ ሳለች አባቷ ያላትን «እሺ ጌታዬ» ብላ የምትቀበል ልጅ ነበረች። አባቷ ሲገደል አእምሮዋን ትስታለች፤ ያን ጊዜ ቤተ መንግሥት ገብታ የከዱ ወንዶችን ዘፈን ትዘፍናለች፣ አበባና ቅጠል ታድላለች። ሁለቱን እኛም እናውቃቸዋለን፦ የጥብስ ቅጠል ለማስታወሻ፣ ቡና ውስጥ የምንጨምረው የጤና አዳም ዘመድ ደግሞ ለጸጸት። በሟች ዙፋን ላይ ለተቀመጡ ሰዎች ጸጸት ማደል ቀላል ነገር አይደለም። ወንድሟም ይህ ከንቱ ንግግር ከቁም ነገር እንደሚበልጥ ይገባዋል።

ክላውዲየስ ግን ሞኝ አልነበረም። የትልቅ ሰው እብደት ያለ ጠባቂ አይተውም ብሎ ሐምሌትን ከሞት ትእዛዝ ጋር ወደ እንግሊዝ ይልከዋል። በኋላ መቃብር ቆፋሪው ልዑሉ ለምን እንግሊዝ እንደተላከ ሲጠየቅ፣ እዚያ ይሻለዋል፤ ባይሻለውም ግድ የለም፣ የእዚያ አገር ሰው ሁሉ እንደሱ እብድ ስለሆነ ማንም አያውቅበትም ይላል። ይህን የሚሰማው ተመልካች የለንደን ሰው ነበር።